ካርታ የማያሳየው አገር፤ ስለ ትንሺቱ ራትላንድና ስለ ምክር ቤቶች መቀላቀል

አገርን ማወቅ በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ካርታ በጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ማየት ነው፤ ሁለተኛውም በእግር ሄዶ መመልከት ነው። ካርታ የሚያይ ሰው ሰፊውን አገር ባንድ ጊዜ ያያል፤ ነገር ግን ወንዙን እንጂ ወንዙን የሚሻገረውን ሰው አያይም፤ የመንደሩን ስም እንጂ በመንደሩ የሚኖረውን ሕዝብ አያገኘውም። በእግሩ የሚሄድ ሰው ደግሞ የሚያየው ጥቂት ነው፤ ያንኑ ጥቂት ግን ከነዳገቱና ከነቍልቍለቱ፣ ከነስሙና ከነታሪኩ ያውቀዋል። የመንግሥት ሥራ ሁለቱንም ዕውቀት ይፈልጋል። ካርታ ብቻ ያየ ሹም ሕዝቡን እንደ ቍጥር ሊመለከተው ይችላል፤ መንደሩን ብቻ ያየ ሰው ደግሞ ከኮረብታው ወዲያ ስላለው ስለ ሌላው ሕዝብ ችግር ማሰብ ይሳነዋል።

ይህ ልዩነት ከሁሉ ይልቅ የሚገለጠው ትንንሾቹን የአውራጃና የወረዳ ምክር ቤቶች አጣምሮ ትልልቅ ማድረግ ይሻላል የሚል ሐሳብ በተነሣ ጊዜ ነው። ይህም ሐሳብ በዘመናችን በብዙ መንግሥታት ዘንድ ተነሥቶ ተፈጽሟል። የዴንማርክ መንግሥት በ2007 ዓ.ም. (በዚህ ጽሕፈት የሚጠራው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ነው) 271 የነበሩትን የአገር ምክር ቤቶች 98 አደረጋቸው። በጃፓንም በ1999 ዓ.ም. 3,232 የነበሩት ከተሞችና መንደሮች በ2010 ዓ.ም. 1,727 ሆነው ተገኙ። ይህን ያሰቡት ሰዎች ለሕዝብ ክፉ የሚመኙ አልነበሩም። ይሁን እንጂ በብዙ ስፍራ ባላገሩ ሕዝብ ነገሩን በደስታ አልተቀበለውም። ስለ ምን እንዳልተቀበለው ለመረዳት የሚወድ ሰው በእንግሊዝ አገር መካከል ያለችውን ራትላንድ የምትባለውን አውራጃ በእግሩ ሄዶ ቢመለከት ብዙ ትምህርት ያገኛል።

ራትላንድ ከእንግሊዝ አገር ጥንታውያን አውራጃዎች እጅግ ታናሽ ከሚባሉት ወገን ናት። ስፋቷ 382 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሕዝቧም በ2021 ዓ.ም. በተደረገው ቈጠራ 41 ሺህ ያህል ሆኖ ተገኝቷል። ከተሞቿ ሁለት ብቻ ናቸው፤ እነርሱም ኦካምና አፒንግሃም ናቸው። የቀረው ሁሉ እርሻ፣ የበግ መሰማሪያና ማር በመሰለ ድንጋይ የተሠሩ መንደሮች ናቸው። የአውራጃይቱ መለያ ቃል በሮማይስጥ ቋንቋ የተጻፈ ነው፤ ትርጓሜውም «በጥቂት ውስጥ ብዙ» ማለት ነው። ስሟ በ11ኛው ክፍለ ዘመን መዝገብ ተጽፎ ይገኛል፤ በ12ኛውም ክፍለ ዘመን ራሷን የቻለች አውራጃ ነበረች።

ከኦካም ተነሥቶ ወደ ኖርማንተን ለመድረስ የሚወድ መንገደኛ ጕዞው የግማሽ ቀን ያህል ነው። በመጀመሪያ የሚያገኘው በገበያው ስፍራ በእንጨት ምሰሶ ላይ የቆመ ጣራ ያለውን አሮጌ ዳስ ነው። በቀድሞ ዘመን ባላገሮች ቅቤ ይሸጡበት ስለ ነበረ እስከ ዛሬ የቅቤ መስቀል ይባላል። በዚሁ ጣራ ሥር ጥፋተኛ ይታሰርበት የነበረ የእግር ግንድ አለ፤ የግንዱ ቀዳዳ አምስት ነው። የሰው እግር ሁለት ሁለት ሲሆን አምስተኛው ቀዳዳ ለማን እንደ ሆነ መጠየቅ ለእንግዳ ሁሉ ጨዋታ ነው። ጨዋታውን ትቶ ነገሩን ላስተዋለው ግን ሽያጭና ቅጣት በአንድ ጣራ ሥር የነበሩበት ዘመን ይታየዋል። የሚፈርደውና የሚፈረድበት፣ የሚገዛውና የሚሸጠው ፊት ለፊት ይተዋወቁ ነበር።

ከገበያው ጥቂት እልፍ ሲል የኦካም ግንብ ይገኛል። ከጥንቱ ግንብ ጸንቶ የቆመው በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የተሠራው ታላቁ አዳራሽ ነው። በዚህ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ከ200 የሚበልጡ የፈረስ ጫማዎች ተሰቅለዋል። ልማዱ እንዲህ ነው፤ ከንጉሣውያን ቤተ ሰብ ወይም ከመሳፍንት ወገን የሆነ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኦካም በመጣ ጊዜ አንድ የፈረስ ጫማ ለግንቡ ጌታ መስጠት አለበት። ንግሥት ኤልሳቤጥ ሁለተኛም ይህን ልማድ ፈጽማለች። ጫማዎቹ የተሰቀሉት አፋቸው ወደ ታች ሁኖ ነው፤ ወደ ላይ ቢሆን ሰይጣን ይቀመጥበታል የሚል የአገሩ ተረት አለና። በዚህ አዳራሽ ለብዙ ዘመን ችሎት ሲያስችሉበት ኖረዋል። ልማዱ ቀላል ቢመስልም ምስጢር አለው። ትልቁ ወደ ትንሹ አገር በመጣ ጊዜ ስጦታ ይዞ ይገባል እንጂ የአገሩን ነጥቆ አይወጣም ማለት ነው። የራትላንድ ሰው ስለ አውራጃው በተሟገተ ጊዜ ሁሉ ይህ አዳራሽ በልቡ ነበረ ቢባል ሐሰት አይሆንም፤ የአውራጃይቱም ጋሻ የሚታወቀው በፈረስ ጫማ ምልክት ነው።

ከከተማው ወጥቶ ወደ ደቡብ ምሥራቅ የሚወስደው ጠባብ መንገድ ኤግልተን ወደምትባል መንደር ያደርሳል። በዚች መንደር እንደ ሌሎቹ የእንግሊዝ መንደሮች ሁሉ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን አለ። የአገሩ አስተዳደር መሠረትም ከዚሁ ቤተ ክርስቲያን የሚነሣ ነው። እንግሊዞች ፓሪሽ የሚሉት የእኛው አጥቢያ ነው። ቀድሞ የአጥቢያው ሰዎች በቤተ ክርስቲያኑ ተሰብስበው ስለ ድኾች፣ ስለ መንገድና ስለ መቃብር ይመክሩ ነበር። በ1894 ዓ.ም. የወጣው ሕግ የመንፈሱን ሥራ ለቤተ ክርስቲያን ትቶ የዓለሙን ሥራ ሕዝቡ ለሚመርጠው ለአጥቢያ ምክር ቤት ሰጠው። ከአጥቢያው በላይ የወረዳ ምክር ቤት፣ ከወረዳውም በላይ በ1889 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአውራጃ ምክር ቤት ነበር።

መንገደኛው የሚረግጠው የእግር መንገድ ራሱ የእነዚህ ምክር ቤቶች ሥራ ነው። በእንግሊዝ አገር ሕዝብ በባለርስት እርሻ መካከል የሚያልፍበት የጥንት መብት ያለው መንገድ አለ። በ1949 ዓ.ም. የወጣው ሕግ የአውራጃ ምክር ቤቶች እነዚህን መንገዶች ሁሉ መርምረው በካርታ እንዲያገቡ አዘዘ፤ ሲመረምሩም የአጥቢያውን ምክር ቤት እንዲጠይቁ አስገደደ። በዋና ከተማ ያለ ጸሓፊ በየትኛው አጥር ሥር አባቶች ያልፉበት እንደ ነበረ ሊያውቅ አይችልምና፤ ይህን የሚያውቀው በዚያው ያደገ ሽማግሌ ነው። እንግዲህ ካርታውና እግሩ በአንድነት ሲሠሩ እንዲህ ያለ መልካም ሥራ ይሠራሉ።

ራትላንድን ከጎረቤቷ ከሌስተርሽር ጋር የመቀላቀል ሐሳብ በግልጥ የተነሣው በ1958 ዓ.ም. በወጣ ሕግ የምክር ቤቶችን ነገር የሚመረምር ጉባኤ በቆመ ጊዜ ነው። ጉባኤውም አውራጃይቱ ብቻዋን ለመቆም እጅግ ትንሽ ናት፤ ስለዚህ ትቀላቀል ብሎ አሳሰበ። በዚያን ጊዜ ሕዝቧ 24 ሺህ የማይሞላ ነበር። የጉባኤው ምክንያትም እንዲያው የሚናቅ አይደለም። ትንሽ ምክር ቤት የሚሰበስበው ግብር ጥቂት ነው፤ በጥቂት ግብር የሠለጠነ መሐንዲስና የትምህርት ቤት ተመልካች ለመቅጠር ይቸግራል። ሁለት ጎረቤታሞች ለየብቻ የሚያወጡትን ወጪ አንድ ላይ ቢያወጡት ይቀላል፤ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው የአበው ምሳሌ ለዚህ ይስማማል። ደግሞም በሀብታሙ አውራጃ የሚወለድ ልጅ መልካም ትምህርት ቤት ሲያገኝ በድኻው አውራጃ የተወለደው ሊያጣ አይገባም።

ሕዝቡ ግን ነገሩን በብርቱ ተቃወመ። ከተቃዋሚዎች መካከል ሹመቱ እንዳይቀርበት የፈራ አልነበረም ማለት አይቻልም፤ እንዲህ ያለ ሰው በየአገሩ አይታጣም። ነገር ግን የሚሾመውም የሚሻረውም ከጥቂት ሰው በቀር የለም፤ የተቃወመው ግን አገሩ ሁሉ ነበር። ስለዚህ ምክንያቱን ከሹመት ፍቅር ብቻ ማድረግ ማስተዋል አይደለም። በመጨረሻ በ1963 ዓ.ም. የዚህ ሥራ ሚኒስትር የነበሩት ሰር ኪት ጆዜፍ ሙግቱን ተመልክተው ራትላንድ ሳትቀላቀል ባለችበት እንድትቀር ፈቀዱ። ሆኖም ይህ ዕረፍት ረጅም አልሆነም።

መንገደኛው ከኤግልተን አልፎ ማንተን ወደምትባለው መንደር ሲደርስ ድንገት ሰፊ ውሃ ከፊቱ ይገለጥለታል። በውሃው መካከል እንደ ምላስ የወጣ ኮረብታ ይታያል፤ በኮረብታውም ራስ ላይ ላይኛው ሃምብልተን የሚባለው መንደር ከነቤተ ክርስቲያኑ ቆሟል። ይህ ሐይቅ እግዚአብሔር ያኖረው ሳይሆን ሰው የሠራው ነው። ቀድሞ በዚያ ስፍራ ግዎሽ የሚባለው ትንሽ ወንዝ የሚፈስበት ለም ሸለቆ ነበር። በሸለቆው ውስጥ ታችኛው ሃምብልተን የሚባል መንደር ነበረ፤ በመካከሉም መካከለኛው ሃምብልተን ነበረ። በዙሪያው ያሉት ከተሞች እያደጉ ውሃ ስለ ጠበባቸው ፓርላማ በ1970 ዓ.ም. ሸለቆው እንዲገደብ ፈቀደ። በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ግድቡ ተሠርቶ ከዌላንድና ከኔን ወንዞች በመኪና እየተሳበ የሚመጣ ውሃ ሞላበት። ታችኛው ሃምብልተን ፈርሶ ጠፋ፤ ከመካከለኛውም የሚበዛው ጠፋ፤ በኮረብታው ላይ ያለው ብቻ ተረፈ።

የዘመኑን መገናኘት ማስተዋል ይገባል። ሸለቆው ለውሃ በሚቈፈርበት ጊዜ ፓርላማ በ1972 ዓ.ም. አዲስ የአስተዳደር ሕግ አወጣ። በዚህ ሕግ ከ1,000 የሚበልጡት የእንግሊዝ አገር የወረዳና የከተማ ምክር ቤቶች ተጣምረው 332 ወረዳዎች ሆኑ፤ ከጥንታውያኑ አውራጃዎችም አንዳንዶቹ ተሻሩ። ሕጉ በ1974 ዓ.ም. ኤፕሪል 1 ቀን ሲጸና ራትላንድ አውራጃነቷ ቀርቶ የሌስተርሽር አንዲት ወረዳ ሆነች። እንግዲህ በአንድ ዘመን ሁለት ነገር ተጠየቀች፤ ለጎረቤት ከተሞች ጥም ሸለቆዋን፣ ለመንግሥት ሥራ መቅለል ስሟን። ሸለቆውን መስጠቷ የሚያስመሰግናት ነው፤ ውሃ የሌለው ሰው አይኖርምና። የስሟ መወሰድ ግን በሕዝቡ ዘንድ እንደ ሌላ ጥፋት ተቈጠረ። ሐይቁ በመጀመሪያ በአጠገቡ ባለችው መንደር ስም ኤምፒንግሃም ሊባል ታስቦ ነበር፤ በኋላ ግን የራትላንድ ውሃ ተብሎ ተሰየመ። ከአውራጃዎች መዝገብ የተፋቀው ስም በውሃው ላይ ተጻፈ።

ያም ሆነ ይህ ሐይቁ በረከት አላጣም። ዳርቻው የወፎች መጠበቂያ ሆኗል፤ በመካከለኛው እንግሊዝ ጠፍቶ የነበረው ዓሣ በል ንስርም ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ከስኮትላንድ እየመጣ በዚህ ስፍራ ተለቀቀ፤ በ2001 ዓ.ም.ም መጀመሪያ ጫጩት ፈለፈለ። ሰው የሠራው ነገር ሁሉ ጥፋት ብቻ አይደለም፤ ጥቅም ብቻም አይደለም። አስተዋይ ገዥ ግን ሁለቱንም በሚዛን ያኖራል።

ከ1974 እስከ 1997 ዓ.ም. ድረስ ባለው 23 ዓመት ውስጥ የራትላንድ ሰው አልተራበም፤ አልተሰደደም፤ ግብሩንም ሲከፍል ኖረ። ታዲያ ምን ጎደለበት ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር መልሱ እንዲህ ነው። የልጁ ትምህርት ቤት እንዲዘጋ ወይም እንዲሠራ፣ የመንደሩ መንገድ እንዲጠገን፣ ያረጀች እናቱም እርዳታ እንድታገኝ የሚቈርጠው ምክር ቤት ከኦካም 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሌስተር አጠገብ ሆነ። ርቀቱ በመኪና ለሚሄድ ሰው ብዙ አይደለም። ነገር ግን ከ800 ሺህ በሚበልጥ ሕዝብ መካከል የጥቂቶቹ ድምፅ ቀለለ። ቀድሞ ስለ መንገዱ የሚናገረው ባላገር ነገሩን የሚቈርጠውን ሰው በገበያ ቀን ያገኘው ነበር፤ አሁን ግን ደብዳቤ መጻፍና መልስ መጠበቅ ሆነበት። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» የሚባለው ስለዚህ ነው። የሩቁ ዘመድ ክፉ ስለ ሆነ አይደለም፤ ቤቱ እሳት በተነሣበት ጊዜ ቶሎ የሚደርሰው ጎረቤት ስለ ሆነ ነው።

ከማንተን ወደ ምሥራቅ የሐይቁን ዳር ይዞ የሚሄድ መንገደኛ ኤዲት ዌስተን የምትባል መንደር ያገኛል። ይህች መንደር ስሟን ያገኘችው በ11ኛው ክፍለ ዘመን ከነበረችው ከንግሥት ኤዲት ነው፤ ስለ ጽድቁ የሚነገርለት የንጉሥ ኤድዋርድ ሚስት ናት። በዚያ ዘመን ራትላንድ ለንግሥቲቱ መተዳደሪያ የተሰጠች ምድር ነበረች። ከንግሥቲቱ በኋላ ስንት መንግሥት አለፈ፤ ስንት ሕግ ተጻፈ፤ ስንትስ ሕግ ተሻረ። የመንደሪቱ ስም ግን እስከ ዛሬ በሕዝቡ አፍ አለ። ሕግ ስምን ከመዝገብ ሊፍቅ ይችላል፤ ከሕዝብ አፍ ግን መፋቅ ይቸግረዋል።

ይህም በራትላንድ ታየ። የአገሩ ሰዎች ተስፋ ሳይቈርጡ ጥያቄያቸውን ቀጠሉ። መንግሥቱም በ1990ዎቹ ዓመታት የምክር ቤቶችን ነገር እንደገና ባስመረመረ ጊዜ አቤቱታቸው ተሰማ፤ በ1997 ዓ.ም. ኤፕሪል 1 ቀን ራትላንድ ከሌስተርሽር ተለይታ የራሷ ሙሉ ምክር ቤት ያላት ሆነች። እንዲህ የሆነችውም እርሷ ብቻ አይደለችም። በዚያው በ1974 ዓ.ም. ከሁለት አውራጃዎች ተቈርጦ የተሠራው ሃምበርሳይድ የሚባለው አዲስ አውራጃ በ1996 ዓ.ም. ፈረሰ፤ ከዉስተርሽር ጋር ተጣምሮ የነበረው ሄሪፎርድሽርም በ1998 ዓ.ም. ወደ ጥንቱ ቦታው ተመለሰ። አንድ ጊዜ ለማጣመር፣ አንድ ጊዜም ለመለየት፣ ሁለት ጊዜ መዝገብ ተገለበጠ፤ ሁለት ጊዜ ማኅተም ተለወጠ፤ ሁለት ጊዜ ጸሓፊዎች ተዛወሩ። ወጪን ለማቅለል የታሰበው ነገር ወጪን አበዛ። «የቸኰለች አፍሳ ለቀመች» ማለት ይህ ነው።

ነገር ግን የትንሽነትን ዋጋ ሳይናገሩ ማለፍ ለእውነት አይገባም። 41 ሺህ ሕዝብ ያላት አውራጃ ትምህርት ቤቶችን፣ መንገዶችንና የሽማግሌዎችን መጦሪያ ብቻዋን ስትችል ሸክሙ በያንዳንዱ ቤት ላይ ይከብዳል። ስለዚህ በራትላንድ ለምክር ቤት የሚከፈለው የቤት ግብር በእንግሊዝ አገር ከፍተኛ ከሚባሉት ወገን ሆኖ ቈይቷል። ቅርብ የሆነ ዳኛና የራሱ የሆነ ምክር ቤት የሚፈልግ ሕዝብ ዋጋውን ሊከፍል ይገባዋል፤ እየጮኸ መብቱን የሚጠይቅ፣ ግብሩን ግን የሚሸሽ ሕዝብ ሙግቱ አይረታም። ደግሞም ሁሉን ነገር ብቻ መሥራት ግድ አይደለም። የራትላንድ ፖሊስ ከ1951 ዓ.ም. ጀምሮ ከሌስተርሽር ፖሊስ ጋር አንድ ነው፤ የእሳት አደጋ ጠባቂዎቹም እንዲሁ አብረው ይሠራሉ። ሌባም እሳትም የአውራጃ ድንበር አይጠብቁምና በዚህ ማንም አላጕረመረመም። እንግዲህ ሥራን ማስተባበር አንድ ነገር ነው፤ ስምንና ምክርን መሻር ሌላ ነገር ነው። ብዙ ጊዜ መንግሥት የሚፈልገው ጥቅም በፊተኛው ሲገኝ በኋለኛው ይደክማል።

ይህ ክርክር ያለፈ ዘመን ታሪክ ብቻ ሆኖ አልቀረም። በ2024 ዓ.ም. ዲሴምበር የእንግሊዝ መንግሥት ባወጣው የሐሳብ መግለጫ በሁለት እርከን የተደራጁት የአውራጃና የወረዳ ምክር ቤቶች ተጣምረው ባንድ እርከን እንዲሆኑ፣ የያንዳንዱም ሕዝብ 500 ሺህና ከዚያ በላይ ቢሆን እንደሚሻል አስታወቀ፤ ትንንሾቹም ባለ አንድ እርከን ምክር ቤቶች በዚሁ ነገር እንዲታሰብባቸው ሆነ። በ2025 ዓ.ም. መጀመሪያም የየአገሩ ምክር ቤቶች ሐሳባቸውን እንዲያቀርቡ ተጠየቁ። 41 ሺህና 500 ሺህ የሚባሉትን ቍጥሮች አጠገብ ላጠገብ ያስቀመጠ ሰው የራትላንድ ሙግት ስለ ምን እንደገና እንደ ተነሣ ለማወቅ ሌላ ማስረጃ አይፈልግም።

በዚህ ነገር ላይ የመጽሐፍ ምስክር አይታጣም። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 18 እንደ ተነገረው ዮቶር ወደ ሙሴ በመጣ ጊዜ ሙሴ ከጧት እስከ ማታ ለሕዝቡ ሁሉ ብቻውን ሲፈርድ አየው። ዮቶርም ይህ ነገር ለአንተም ለሕዝቡም ድካም ነው ብሎ የሺህ አለቃ፣ የመቶ አለቃ፣ የአምሳ አለቃና የዐሥር አለቃ እንዲሾም መከረው፤ ታላቁን ነገር ወደ ሙሴ እንዲያመጡ፣ ታናሹን ግን እነርሱ እንዲፈርዱ። ልብ ሊባል የሚገባው የሺህ አለቃ ሲሾም የዐሥር አለቃ አለመሻሩ ነው። ታላቁ ለታላቁ ነገር፣ ታናሹ ለታናሹ ነገር ያስፈልጋል። አገርን የሚያደክመው የትንንሾች መኖር ሳይሆን የሥራቸው ድንበር ሳይለይ መቅረቱ ነው።

መንገደኛው በመጨረሻ ወደ ኖርማንተን ይደርሳል። በዚያ ከሐይቁ ዳር በውሃ የተከበበ የሚመስል አንድ ቤተ ክርስቲያን ቆሟል። የማቴዎስ ወንጌላዊ ቤተ ክርስቲያን ነበር። ግድቡ በታሰበ ጊዜ የወለሉ ከፍታ ከውሃው በታች እንደሚሆን ስለ ታወቀ በ1970 ዓ.ም. አገልግሎቱ ቀርቶ ሕንፃው እንዲፈርስ ተቈረጠ። ሕዝቡ ግን አይፈርስብን ብሎ ተነሣ። ስለዚህ እስከ መስኮቶቹ ግርጌ ድረስ የታችኛው ክፍሉ በድንጋይና በሲሚንቶ ተሞላ፤ አዲስ ወለል ከላይ ተሠራለት፤ ወደ እርሱም የሚያገባ የድንጋይ መንገድ ተዘረጋ። ዛሬ ሩቅ አገር ያለ ሰው እንኳ ራትላንድን የሚያውቃት በዚህ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ነው። ሕንፃው በእውነት ያምራል፤ ውሃውም ጥላውን ይዞ ሲንቀሳቀስ ያየ ሰው ቶሎ ሊለየው አይወድም። ነገር ግን ቅዳሴ የለበትም።

የአገሩ ሰዎች የሚፈሩትን ነገር ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ ምሳሌ አይገኝም። ምክር ቤታቸው ከተቀላቀለ በኋላ ስሙ በመንገድ ዳር ምልክት ላይ ሊጻፍ ይችላል፤ የፈረስ ጫማዎቹም በአዳራሹ ተሰቅለው እንግዳ ሊያያቸው ይችላል። ይህ መልካም ነው፤ ነገር ግን የማይመክር ምክር ቤት ቅዳሴ እንደሌለበት ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ይታያል እንጂ አያገለግልም። ባላገሩ የሚለምነው ስሙ ለመታሰቢያ እንዲቀመጥለት አይደለም። የሚለምነው ስለ ራሱ መንገድና ስለ ራሱ ልጆች በሚመከርበት ስፍራ ቃሉ እንዲሰማ ነው።

ስለዚህ በየትም አገር ቢሆን ትንንሽ ምክር ቤቶችን ለማጣመር የሚያስብ መንግሥት ሦስት ነገር አስቀድሞ ቢመረምር ይጠቀማል። መጀመሪያ፣ የሚፈለገው ጥቅም ስምና ሥልጣን ሳይሻር ሥራን በማስተባበር ብቻ ይገኝ እንደ ሆነ ይመርምር። ሁለተኛ፣ ከዐዋጁ በፊት ሕዝቡ ይጠየቅ፤ ከዐዋጁ በኋላ የሚጠየቅ ሕዝብ የሚመልሰው ምክር ሳይሆን ቅሬታ ነውና። ሦስተኛ፣ ነገሩን የሚቈርጡት ሹማምንት ካርታውን ከማጠፋቸው በፊት አንድ ቀን እንኳ አገሩን በእግራቸው ይሂዱበት። የሚቀላቀለውም ሕዝብ በበኩሉ ለነጻነቱ የሚገባውን ዋጋ ለመክፈል ቈርጦ ይነሣ። ራትላንድ 23 ዓመት ተሟግታ ያገኘችው ትምህርት ይህ ነው፤ ሌላው አገር ግን ያንን ያህል ዓመት ሳይደክም ሊማረው ይችላል።